የዕቃ ስምና የዕቃ ጥራት፤ ከካርቱም ገበያ የተወሰደ ትምህርት




ስለ ማስተማር ዘዴ፥ ስለ ፈተና አወጣጥና ስለ ተማሪዎች ጠባይ ከእኔ የሚበልጡ ሊቃውንት ብዙ የተናገሩበት ስለ ሆነ፥ እኔ የመረጥሁት ርእስ ለመምህራን ጉባኤ እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል። ርእሴ ስለ ቻይና ዕቃ ነው። ይኸውም በየቤታችን፥ በየገበያችንና በየትምህርት ቤታችን ስለ ሞላው ስለዚህ ዕቃ የምንናገረው ወሬና የዕቃው እውነተኛ ጠባይ ምን ያህል እንደሚገናኙ፥ ምን ያህልም እንደሚራራቁ ለመመርመር ነው። ምሳሌዬን በብዛት የማመጣው ከካርቱም ነው፤ የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ ወር 2023 ከመነሣቱ በፊት በዚያ ከተማ የኢትዮጵያውያንን ልጆች እያስተማርሁ ጥቂት ዓመታት ኖሬአለሁና። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አሳስባለሁ።

ርእሱን ወደዚህ እንዳመጣው ያስገደደኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ዕጩ መምህራን ለልምምድ ሲያስተምሩ ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጦ መመልከት አንዱ ሥራዬ ነው። አንድ ቀን በአዲስ አበባ አንድ ወጣት ዕጩ መምህር ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ለልጆቹ ካስተማረ በኋላ፥ ቃሉን በሥራ ለማስረዳት ውሃ አፍልቶ የሙቀት መለኪያውን አገባበት። መለኪያው 92 ላይ ደርሶ ቆመ። እሳቱን ቢጨምርም ያው 92 ነው። ወጣቱ ደንገጥ አለና መለኪያውን አገላብጦ አይቶ፥ «ልጆች፥ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መሣሪያው የቻይና ስለ ሆነ ነው» አለ። ልጆቹ ሳቁ፤ ትምህርቱም በዚያው አለቀ።

መለኪያው ግን አልዋሸም ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ ግፊቱ ባነሰበት ስፍራ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው። በአዲስ አበባ የሚፈላ ውሃ በእውነትም 92 ዲግሪ ያህል ነው። ያንኑ መለኪያ 380 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ወደ ካርቱም ብንወስደው 99 ዲግሪ አጠገብ ባሳየን ነበር። እንግዲህ የተሳሳተው መሣሪያው ሳይሆን መምህሩ ነው፤ የመምህሩንም ስሕተት የሸፈነለት ‹የቻይና ነው› የሚለው ቃል ነው። እነዚያ ሕፃናት በዚያ ቀን ስለ አየር ግፊትና ስለ ሀገራቸው ከፍታ ሊያገኙት የሚችሉትን ዕውቀት አጥተው፥ በምትኩ አንድ ስድብ ተምረው ወጡ። እኔም ይህን አይቼ፥ አንድ የሀገር ስም እንዴት የምርመራን ቦታ ሊወስድ እንደሚችል ማሰብ ጀመርሁ።

ነገሩን ከቃሉ ታሪክ ልጀምር። በካርቱም ቤተ ሰብና እንግዳ በአንድነት ተሰብስቦ የሚመገብበት ሰፊ ትሪ ‹ሲኒያ› ይባላል። ዐረቦች የቻይናን ሀገር ‹ሲን› ስለሚሏት፥ የቃሉ መሠረት ‹ቻይናዊት› ማለት ነው። እኛም ቡና የምንጠጣበትን ትንሽ ዋንጫ ‹ሲኒ› ያልነው ከዚያው ከዐረብኛው ቃል ወርሰን ነው። የቻይና ሸክላ በሕንድ ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ ቀይ ባሕር ይመጣ እንደ ነበረ፥ በባሕሩ ምዕራባዊ ዳርቻ በጥንታዊቱ የዐይዛብ ወደብ ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘው ስባሪ ይመሰክራል። በ11ኛው መቶ ዓመት የነበረው የዐረብኛ ጸሐፊ ሰዓሊቢም፥ ዐረቦች በጥበብ የተሠራውን ዕቃ ሁሉ፥ የትም ይሠራ የት፥ ‹ቻይናዊ› ብለው ይጠሩት እንደ ነበረ ጽፏል። ስለዚህ ይህ ስም በአባቶቻችን ዘመን የምስጋና ስም ነበረ ማለት ነው። ዛሬ ግን በካርቱምም በአዲስ አበባም አንድ ነገር ቶሎ ሲሰበር ‹የቻይና ነው› ይባላል። ሀገሪቱ ያችው ናት፤ የተለወጠው ስሟ ነው። «ስም ከቤት ይወጣል፥ ጎረቤት ይቀበላል» እንደሚባለው፥ አንድ ጊዜ የወጣ ስም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ መርማሪ አያገኝም።

እኔም ራሴ ይህን ስም ሳልመረምር ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ካርቱም በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ከሱቅ አል ዐረቢ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገዛሁ። ሱቅ አል ዐረቢ በከተማው መካከል የነበረ፥ ከመርፌ ጀምሮ እስከ ማቀዝቀዣ ድረስ የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ ነው፤ በጦርነቱ ተቃጥሎና ተዘርፎ እጅግ ተጐድቷል። የገዛሁት ማከፋፈያ በኹለተኛው ሳምንት ቀለጠ። በቍጣ ተመልሼ ሄጄ ለባለ ሱቁ፥ «ያ ሐጅ፥ ይህ የቻይና ዕቃ ምንድን ነው?» ብለው፥ ሽማግሌው አልተቈጣም። ሦስት ማከፋፈያዎች አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ደረደረና በእጄ እየመዘንሁ እንዳያቸው አዘዘኝ። አንዱ ከባድ ነበር፤ ውስጡ ያለው የናስ ቅጠል ወፍራም፥ ሽፋኑም ጠንካራ ነበር። ኹለተኛው መካከለኛ ነበር። ሦስተኛው እንደ ባዶ ቆርቆሮ የቀለለ ሲሆን እኔ የገዛሁትን ይመስላል። ሦስቱም ከቻይና የመጡ ነበሩ። ሽማግሌው፥ «ያ ኡስታዝ፥ ቻይና ሦስቱንም ሠራች፤ አንተ ሦስተኛውን መረጥህ» አለኝ።

የካርቱም ነጋዴዎች ለዚህ ልዩነት የራሳቸው ስም አላቸው። እውነተኛውን ‹አስሊ›፥ አስመስሎ የተሠራውን ‹ተቅሊድ› ይሉታል፤ እኛ በአዲስ አበባ ‹ኦርጅናል›ና ‹ፎርጅድ› እንደምንለው ነው። ሽማግሌው እንዳስረዳኝ፥ ነጋዴው በቻይና ኢዉ ወደምትባል ከተማ ሲሄድ (በዚያች ከተማ ከ70 ሺህ የሚበልጡ ሱቆች የተሰበሰቡበት የጅምላ ገበያ አለ) የፋብሪካው ወኪል አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ዕቃ ትፈልጋለህ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «በስንት ዋጋ እንዲሆንልህ ትፈልጋለህ?» ብሎም ይጠይቀዋል። ዋጋው በወረደ ቍጥር የናሱ ውፍረት ይቀነሳል፤ ናሱ በቀጭን ብረት ይለወጣል፤ እሳት የሚችለው ፕላስቲክ እሳት በማይችል ይተካል፤ በመጨረሻም ዕቃው ተፈትሾ የሚያልፍበት ጊዜ ይቀራል። ዕቃው የሚሠራበት መኪና ያው ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛውም ያው ሊሆን ይችላል። የተለወጠው ትእዛዙ ነው።

በዚያው በካርቱም የቻይና ሥራ ሌላ መልክ ነበረው። በሰማያዊ ዓባይ ዳርቻ የቆመው የወዳጅነት አዳራሽ በቻይና ርዳታ ተሠርቶ በ1976 የተከፈተ ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ የሀገሪቱ ታላላቅ ጉባኤዎች ሲደረጉበት ኖሮ፥ በነሐሴ 2019 የሱዳን የሽግግር መንግሥት ስምምነት የተፈረመው በዚያው አዳራሽ ነው። ከካርቱም ወደ ሰሜን ርቆ በዓባይ ላይ የተሠራው የመረዌ ግድብም በ2009 ተመርቆ 1250 ሜጋ ዋት ኀይል ለመስጠት የበቃ ነው። የግድቡን የግንባታ ሥራ የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ተርባይኖቹን ያቀረበው አልስቶም የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሲሆን፥ ላህማየር የተባለው የጀርመን አማካሪ ድርጅት ደግሞ ሥራውን ተከታትሏል። ከስፍራቸው ስለ ተነሡት ብዙ ሺህ ሰዎች የሚነሣው የፍትሕ ጥያቄ ራሱን የቻለ ከባድ ነገር ነው፤ እኔ እዚህ የምናገረው ስለ ሥራው ጥንካሬ ብቻ ነው።

እንግዲህ በአንድ ከተማ የሚኖር ሰው ጧት የቻይና ማከፋፈያ ቀልጦበት ሀገሪቱን ይረግማል፤ ማታ ቻይናውያን በሠሩት ግድብ ኀይል መብራት ያበራል። ልዩነቱ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ግልጥ ነው። ለግድቡ አስቀድሞ በጽሑፍ የተወሰነ የሥራ ዝርዝር ነበረ፤ ሲሚንቶው በየጊዜው የሚመረመርበት ሥርዓት ነበረ፤ ገዢውን ወክሎ የሚቈጣጠር መሐንዲስ ነበረ። ለማከፋፈያው ግን ከዋጋው በቀር የጠየቀ ማንም አልነበረም።

ይህ ነገር በቻይና ብቻ የደረሰ እንዳይመስለን የሌሎቹንም ሀገሮች ታሪክ እንመልከት። በ1876 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የጀርመንን ክፍል የተመለከተው መሐንዲስ ፍራንትስ ሮሎ፥ እርሱ ራሱ ጀርመናዊ ሲሆን፥ የሀገሩ ዕቃ ርካሽና መጥፎ መሆኑን በግልጥ ጻፈ። እንግሊዞችም በ1887 ባወጡት የንግድ ምልክት ሕግ፥ በተለይ የጀርመን ዕቃ የእንግሊዝ መስሎ እንዳይሸጥ ብለው፥ የውጭ ዕቃ የተሠራበት ሀገር ስም እንዲጻፍበት አደረጉ። ‹በጀርመን የተሠራ› የሚለው ጽሑፍ መጀመሪያ ገዢውን ለማስጠንቀቅ የተጻፈ ነበር ማለት ነው። የጀርመን ፋብሪካዎች ግን ሥራቸውን ስላሻሻሉ፥ ብዙ ሳይቈይ ያው ጽሑፍ ገዢን የሚስብ የክብር ምልክት ሆነ።

የጃፓንም ታሪክ እንደዚሁ ነው፤ ይህም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የቀረበ ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የኢትዮጵያን ገበያ የሞላው የጥጥ ጨርቅ በብዛት ከጃፓን የመጣ ርካሽ ጨርቅ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጐብኝተው ‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን› የተባለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። በዚያ ዘመን በብዙ ሀገር ‹የጃፓን ዕቃ› ማለት ርካሽና ቶሎ የሚያልቅ ማለት ነበር። ከኹለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የጃፓን መሐንዲሶች ማኅበር በ1950 ኤድዋርድስ ዴሚንግ የተባለውን አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ጋብዞ፥ የዕቃን ጥራት በሥራው ሂደት ውስጥ እየለኩ መጠበቅ እንዴት እንደሚቻል ተማረ፤ በማግሥቱም ዓመት በስሙ ሽልማት አቆመ። ዛሬ በእኛ ሀገር የጃፓን መኪና ያለው ሰው በመኪናው እንደሚመካ ሁላችንም እናውቃለን።

በቻይናም ይኸው መንገድ ተጀምሮ ብዙ ርቀት ተሄዶበታል። በ1985 በቺንግዳኦ ከተማ የነበረ አንድ የማቀዝቀዣ ፋብሪካ፥ ኋላ ሃየር ተብሎ የታወቀው፥ ከመጋዘኑ 76 ጕድለት ያለባቸው ማቀዝቀዣዎች ተገኙበት። በጊዜው ማቀዝቀዣ ለማግኘት ሕዝቡ ይሻማ ስለ ነበረ በርካሽ ሊሸጡ ይችሉ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ዣንግ ሩዊሚን ግን ሠራተኞቹ በገዛ እጃቸው የሠሩትን በገዛ እጃቸው በመዶሻ እንዲሰብሩት አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ለውጥ ለመረዳት፥ በ2023 ቻይና ወደ ውጭ በምትሸጠው መኪና ብዛት ጃፓንን ቀድማ ከዓለም አንደኛ መሆኗን መጥቀስ ይበቃል። በሱዳንም ጦርነቱ የመብራቱን መስመር ካጠፋ ወዲህ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ስልኩን የሚሞላውና ውሃውን የሚስበው ከቻይና በመጣ የፀሐይ ኀይል ሰሌዳ ነው።

ይህን ስል የቻይና ዕቃ ጕድለት የለበትም ለማለት አይደለም። እውነተኛ ጕድለት ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ወንጀልም ተፈጽሟል። በ2008 በቻይና ለሕፃናት በሚሰጠው የዱቄት ወተት ውስጥ ሜላሚን የተባለ ኬሚካል ተጨምሮ ተገኘ፤ 300 ሺህ ያህል ሕፃናት ታመው 6 ሞቱ። እንዴት ሊሆን ቻለ ብለን ስንመረምር ለመምህር የሚሆን ከባድ ትምህርት እናገኛለን። ወተቱ ውሃ ተቀላቅሎበት እንደ ሆነ ለማወቅ የሚደረገው ምርመራ በቀጥታ ፕሮቲኑን የሚለካ አልነበረም፤ በፕሮቲን ውስጥ የሚገኘውን ናይትሮጅን ለክቶ ከዚያ ፕሮቲኑን የሚገምት ነበር። ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጅን የበዛበት ነው። አታላዮቹ የምርመራውን ጠባይ ስላወቁ፥ ወተቱን ከማሻሻል ይልቅ መለኪያውን አታለሉ። ወተቱ ፈተናውን አለፈ፤ ሕፃናቱ ግን ሞቱ።

በሌላ በኩል ደግሞ ቻይና ያላጠፋችው ተቈጥሮባት ያውቃል። በ2007 ማቴል የተባለው የአሜሪካ የአሻንጉሊት ኩባንያ በቻይና ያሠራቸውን ብዙ ሚሊዮን መጫወቻዎች ከገበያ ሰበሰበ። እርሳስ ያለበት ቀለም የተቀቡት መጫወቻዎች ጕድለት ከአሠሪዎቹ ፋብሪካዎች የመጣ ነበር። ከተሰበሰቡት የሚበዙት ግን ሕፃናት ሊውጡት የሚችሉት ማግኔት የነበረባቸው ሲሆኑ፥ ስሕተቱ የንድፉ ነበር፤ ንድፉም የኩባንያው የራሱ ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የቻይናን ሕዝብ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። የይቅርታው ወሬ ግን የነቀፋውን ወሬ ያህል አልተሰማም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ፤ ሌላውን ወቅሶ ራስን መሸሸግ ለመምህር አይገባምና። ከካርቱም ከተመለስሁ በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት የዕቃ ግዥ ኮሚቴ አባል ነበርሁ። ለመማሪያ ክፍሎች መስመር የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስንገዛ፥ የካርቱሙ ሽማግሌ ያስተማረኝን እያወቅሁ፥ ከቀረቡት ዋጋዎች ዝቅተኛው ይመረጥ ብዬ እጄን አወጣሁ። በማስታወቂያችን ላይ የጻፍነው «2.5 ሽቦ» የሚል ብቻ ነበር፤ ከምን እንደ ተሠራ፥ ማን እንደሚመረምረው አልጻፍንም። ጥቂት ወራት ከቈየ በኋላ በአንድ ክፍል ውስጥ ሽቦው ግሎ ሽፋኑ ተቃጠለ፤ መሰኪያውን ለመንቀል የሮጠ አንድ ተማሪ እጁ ተላጠ። በእግዚአብሔር ቸርነት ከዚያ የባሰ አልደረሰም። በማግሥቱ በመምህራን ክፍል ሁሉም «ድሮስ የቻይና ነገር» እያለ አማ። እኔም ዝም አልሁ፤ ዝምታዬ ግን ዕንቅልፍ ነሣኝ።

በሳምንቱ ያንን ሽቦና ሌላ ሽቦ ይዤ ክፍል ገባሁ። ሌላውም ሽቦ የቻይና ነበር፤ ዋጋው ግን እጥፍ ያህል ነበር። ተማሪዎቹ ሽፋናቸውን ልጠው በማይክሮሜትር ለኩ። በትክክል 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ አጋማሽ መስመሩ 1.78 ሚሊሜትር ሊሆን ይገባዋል። ውዱ ሽቦ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። ርካሹ ግን 1.2 ሚሊሜትር ብቻ ነበር፤ ሲሰላም ስፋቱ 1.13 ካሬ ሚሊሜትር፥ ማለት ከተጻፈበት ከግማሽ በታች ነው። ከዚያ በቢላዋ ሲፍቁት ከቀዩ መዳብ በታች ነጭ አሉሚኒየም ታየ። አሉሚኒየም ከመዳብ ይልቅ ለኤሌክትሪክ መተላለፍ 1.6 እጥፍ ያህል እንቅፋት ስለ ሆነ፥ መቅጠኑና አሉሚኒየም መሆኑ ሲባዛ፥ ያ ሽቦ በእኩል ጭነት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሞቃል ማለት ነው። ተማሪዎቹ ይህን በራሳቸው እጅ ካሰሉ በኋላ አንደኛው ተነሥቶ፥ «መምህር፥ ከመግዛታችሁ በፊት ለምን አልለካችሁትም?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። አምራቹ የሐሰት ቍጥር ስለ ጻፈ በደለኛ ነው፤ ነጋዴውም እያወቀ ከሸጠ በደለኛ ነው። ማይክሮሜትሩ ግን በእኛ ሣጥን ውስጥ ነበር።

የጥራት ነገር ዕቃው ከተገዛም በኋላ አያልቅም። በቻይና ኩባንያ ተሠርቶ በመስከረም 2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ነበሩት። ጥቂት ዓመታት ከቈየ በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕቃ እጦትና በጥገና ጕድለት ከሥራ ውጭ ሆኑ። ሕዝቡ ‹የቻይና ስለ ሆነ ነው› አለ። ነገር ግን መለዋወጫ ሳይገዛለት፥ በጊዜው ሳይታይለት ለብዙ ዓመት የሚሄድ ባቡር በየትኛው ሀገር ይሠራል? በተቃራኒው ደግሞ ከ2012 መጀመሪያ አንሥቶ በዱከም ሥራ በጀመረው ሁአጂየን በተባለው የቻይና ጫማ ፋብሪካ፥ የኢትዮጵያውያን ወጣቶች እጅ የሠራው ጫማ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ተሸጧል። ያው ወጣት በሌላ ስፍራ ያለ መለኪያና ያለ ተቈጣጣሪ ቢሠራ፥ የሚወጣው ጫማ ሌላ በሆነ ነበር። ጥራት በሕዝብ ደም ውስጥ የሚወረስ ጠባይ ሳይሆን፥ በሥራ ሥርዓት የሚገኝ ፍሬ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህ ሁሉ ለመምህር ምን ያደርግለታል ትሉኝ ይሆናል። እኛም አምራቾች ነን። ከእጃችን የሚወጣው ዕቃ ሰው ነው፤ በላዩም የምንለጥፈው ጽሑፍ የምስክር ወረቀት ነው። በጥቅምት 2022 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስርቆትን ለመከላከል በዩኒቨርስቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፥ ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ሆኑ በ2023 መጀመሪያ ተገለጠ። ጦርነትና ወረርሽኝ ያደረሰው ጕዳት መኖሩን አልዘነጋም። ቢሆንም ከዚያ አስቀድሞ በየዓመቱ ‹አልፏል› እያልን የጻፍንበት ወረቀት፥ ‹2.5› ተብሎ ከተጻፈበት ከዚያ ሽቦ በምን ይለያል? ለፈተናው ብቻ የሚያስጠና መምህርስ፥ ወተቱን ትቶ መለኪያውን ካታለለው ሰው በምን ይሻላል? ሽቦው የሚጋልበት ቀን አለ፤ ያልተማረ ልጅም ሥራ ላይ የሚፈተንበት ቀን አለ።

ስለዚህ በትሕትና ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ በክፍላችን ውስጥ ‹የየት ሀገር ነው?› ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ‹ስንት ሆኖ ተገኘ?› የሚለው ይቅደም። ሚዛን፥ ማስመሪያ፥ ማይክሮሜትርና ሙቀት መለኪያ ሣጥን ውስጥ ተቈልፎባቸው የሚኖሩ ጌጦች መሆናቸው ይቅር። ልጅ ከቤቱ ያመጣውን ባትሪ፥ ሽቦና ሳሙና እየለካ ይማር። ሳይለካ የሚያወድስም ሳይለካ የሚነቅፍም ያው አንድ ሰው ነው።

ኹለተኛ፥ የትምህርት ቤት ዕቃ የሚገዙ ሹማምንት ዝቅተኛውን ዋጋ ከመምረጣቸው በፊት የሚፈልጉትን በዝርዝር ይጻፉ፤ ዕቃውም ሲገባ በመምህራን ፊት ይመርመር። በድሃ ሀገር ገንዘብ መቈጠብ ግዴታ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በዓመት ኹለት ጊዜ የሚገዛ ርካሽ ሽቦ ከውዱ ሽቦ ይበልጥ ውድ ነው፤ የሕፃን እጅ ደግሞ በዋጋ ውስጥ አይገባም። ብቻውን የቆመ ድሃ ገዢ የናስን ውፍረትና የመዳብን እውነት በዐይኑ ሊለይ አይችልምና፥ የደረጃ መሥሪያ ቤቶቻችን በገበያው ውስጥ እንዲመረምሩለት መጠየቅም የእኛ የተማርነው ሰዎች ፈንታ ነው።

ሦስተኛ፥ በሕዝብ ላይ የሚነገር የንቀት ቃል ከክፍላችን ይውጣ። ዛሬ ‹የቻይና› ብሎ የሚሥቅ ልጅ ነገ ‹በኢትዮጵያ የተሠራ› የሚለውንም አይቶ ይሥቃል፤ ሥቆም ካደገ ለማሻሻል እጁን አያነሣም። የጀርመንም የጃፓንም የቻይናም ሠራተኞች ስማቸውን የለወጡት በክርክር ሳይሆን፥ ጕድለታቸውን በገዛ እጃቸው ሰብረው እንደ ገና በመሥራት ነው።

ያ ወጣት ዕጩ መምህር በኹለተኛው ሳምንት ወደዚያው ክፍል ተመልሶ ውሃውን እንደ ገና አፈላ። ይህን ያደረገው እኔ ስለ መከርሁት ብቻ ሳይሆን እርሱ ራሱ ስለ ፈለገ ነው። መለኪያው እንደ ቀድሞው 92 ላይ ቆመ። ወጣቱም ልጆቹን፥ «ባለፈው የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ መለኪያው እውነተኛ ነበር፤ አሁን ለምን 92 እንደ ሆነ አብረን እንፈልግ» አላቸው። በዚያ ቀን የሣቀ ልጅ አልነበረም፤ እጁን ያላነሣም ጥቂት ነበር። የምመኘው እንደዚህ ያለ መምህር በየክፍሉ እንዲበዛ ነው።

ለጎረቤታችን ለሱዳን ሕዝብ እግዚአብሔር ሰላሙን ይመልስለት፤ የእኛንም የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።